ለጀማሪው የመጀመሪያ ዓመት ዋጋ ከፋዩ ማን ነው?

በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ዋናን በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ የተማረ እንደሌለ ያውቃል። የእጅና የእግር አወራወሩን በቃል ማስረዳት ይቻላል፤ በሥዕልም ማሳየት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ተማሪው ውኃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ ከአጠገቡም ዐዋቂ ዋናተኛ ቆሞ እስኪጠብቀው ድረስ፣ የተማረው ነገር ወሬ እንጂ ዋና አይባልም። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ይህንኑ የሚመስል ነው፤ ይኸውም ከቴክኒክ ትምህርት ቤቶችና ከዩኒቨርሲቲዎች የሚወጡ ወጣቶች፣ በተለይም የኮምፒዩተርና የምሕንድስና ተማሪዎች፣ በሥራ ቦታ ስለሚያደርጉት ልምምድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።)

ጉዳዩ ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም እንግዳ አይደለም። ነጋዴው «ዲግሪ ይዞ የመጣው ልጅ ሥራ አያውቅም» ይላል። ወጣቱ ደግሞ «ሥራ ሳይሰጠኝ ሥራ ከወዴት ልወቅ?» ብሎ ይመልሳል። የቅጥር ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የ2 ወይም የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ፤ ያ ልምድ የሚገኝበትን ቦታ የሚያመለክት ማስታወቂያ ግን አይታይም። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይናገራሉ፤ ሆኖም ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ቆመው መንገድ በሚዘጉበት ጊዜ በመካከላቸው የሚገባ ሥርዓት ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያ ሥርዓት ምን መሆን እንደሚገባው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጪው በማን ላይ ሊወድቅ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ተለማማጅ» የሚለው ስም ዛሬ ሦስት የተለያዩ ሰዎችን በአንድነት ይሸፍናል። አንደኛው ጎብኚ ነው፤ በየጠዋቱ መጥቶ የመቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ ከአንድ ጥግ ተቀምጦ ሰው ሲሠራ ያያል፣ ወሩም ሲያልቅ በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ተላላኪ ነው፤ ወረቀት ያባዛል፣ ደብዳቤ ያደርሳል፣ ሻይ ያመላልሳል፤ ድካሙ እውነተኛ ነው፣ ዕውቀቱ ግን አይጨምርም። ሦስተኛው በእርግጥ ለማጅ የሆነው ነው፤ የታወቀ ሥራ ይሰጠዋል፣ ሥራውን የሚያይለት ባለሙያ አለው፣ ሲሳሳት ስሕተቱ ይነገረዋል፣ ደግሞም እንዲሠራው ይደረጋል። ሦስቱም በመጨረሻ የሚቀበሉት የምስክር ወረቀት አንድ ዐይነት ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚመሰክር ቀጣሪው ሊያውቅ አይችልምና።

ልምምድ ራሱ የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። ሸማኔው ልጁን በመጀመሪያው ቀን መወርወሪያ አያስጨብጠውም፤ ክር እንዲጠቀልል፣ የተበጠሰውን እንዲቀጥል ያዘዋል። ትንሹ ሥራ ለአባት እርዳታ፣ ለልጅ ደግሞ ትምህርት ነው። በእንግሊዝ አገር ይህንኑ ልማድ በ1563 የወጣው ሕግ አጸናው፤ በሕጉም መሠረት በታወቁት የእጅ ሙያዎች ሊሠራ የሚፈልግ ሰው 7 ዓመት በጌታው ቤት መልመድ ነበረበት። ጌታው የማስተማርና የመመገብ፣ ለማጁም የማገልገል ግዴታ ነበረባቸው። ፋብሪካዎች እየበዙ ሲሄዱ ሕጉ ለጊዜው የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ ስለ ለማጆች የሚናገረው ክፍል በ1814 ተሻረ። የሕጉ መሠረት የነበረው ሐሳብ ግን፣ ማለትም ልምምድ በሁለት ወገን ግዴታ የሚያስገባ ውል መሆኑ፣ አልሞተም።

ይህንኑ ሐሳብ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያገባው በአሜሪካ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኸርማን ሽናይደር ነው። በ1906 በ27 የምሕንድስና ተማሪዎች ሥራውን ጀመረ። አሠራሩም እንዲህ ነበር፤ ተማሪዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው አንደኛው ወገን ሳምንቱን በፋብሪካ ሲሠራ ሁለተኛው በክፍል ይማራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ። ስለዚህ የፋብሪካው መቀመጫ አንድ ቀን እንኳ ባዶ ሳይሆን፣ ተማሪውም በክፍል የሰማውን በማሽኑ ላይ፣ በማሽኑ ላይ ያየውን ደግሞ በክፍል ለመመርመር ቻለ። በካናዳ በ1957 የተቋቋመው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያው በዚህ ዘዴ ላይ ተመሥርቶ፣ ኋላ በኮምፒዩተር ትምህርት ከታወቁት አንዱ ለመሆን በቃ። ተማሪዎቹ የትምህርትንና የሥራን ጊዜ እያፈራረቁ ይጨርሳሉ፤ በሥራው ጊዜም ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ደመወዙ ለተማሪው ብቻ የሚጠቅም አይምሰለን፤ ገንዘብ የከፈለ አሠሪ የከፈለበትን ሰው ሥራ ሳይሰጥ አያስቀምጥም። ነጻ የሆነ ነገር ሲባክን ማንም አይቈጨውም።

በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የጀርመን አገር ነው። በዚያ የሙያ ተማሪ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን በሙያ ትምህርት ቤት፣ የቀረውን ቀን በሥራ ቦታ ያሳልፋል፤ ይህም እንደ ሙያው ዐይነት 3 ዓመት ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ጊዜ ይፈጃል። ከድርጅቱ ጋር በጽሑፍ ይዋዋላል። በ1969 የወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ የሁለቱንም ግዴታ በዝርዝር ወስኗል፤ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ለለማጁ የሚከፈለው ዝቅተኛ አበል በሕግ ተወስኖ፣ በመጀመሪያው ዓመት በወር 515 ዩሮ ሆነ። በ1997 ለኮምፒዩተር ሥራ የሚሆኑ አዳዲስ ሙያዎች በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ስለ ገቡ፣ ፕሮግራም መጻፍና የኮምፒዩተር መረብ መዘርጋት እንደ አናጢነትና እንደ መካኒክነት በውል የሚለመዱ ሙያዎች ሆነዋል።

ይሁን እንጂ ከጀርመኑ ሥርዓት ልንማረው የሚገባን ዋናው ነገር የዓመቱ ርዝመት አይደለም። ዋናው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለማጅ የሚያሠለጥን ሰው ሙያውን ማወቁ ብቻ ስለማይበቃ ለማስተማርም ብቁ መሆኑ ይመሰክርለታል። ሁለተኛ፣ በመጨረሻ ፈተናውን የሚሰጠው ያሠለጠነው ድርጅት አይደለም፤ የንግድና የኢንዱስትሪ ምክር ቤት በሚያቋቁመው ጉባኤ፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች ከመምህራን ጋር ሆነው ይፈትኑታል። ስለዚህ ወረቀቱ በአንድ ከተማ የተሰጠ ቢሆን በሌላው ከተማ ይታመናል። ነጋዴዎች በምክር ቤታቸው አማካይነት የሙያ መለኪያ ጠባቂዎች ሆነዋል ማለት ነው።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ይልቅ ግን የቅርቡ የበለጠ ያስረዳል። በታኅሣሥ 1945 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። በዚያን ጊዜ አብራሪዎቹም፣ መካኒኮቹም፣ ሥራ አስኪያጆቹም ቲ. ደብሊዩ. ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጡ ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ በ1971 ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱን ዋና ሥራ አስኪያጅነት ያዙ። ከመጀመሪያው በረራ እስከ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ 11 ዓመት፣ እስከ መጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ 25 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። አየር መንገዱ የራሱን ማሠልጠኛ አቁሞ ወጣቱን ከዐዋቂው ጎን አስቀምጦ፣ ደረጃ በደረጃ ስላሳደገው ነው። ዛሬም ማሠልጠኛው ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችን ይቀበላል። በአንድ ወቅት ወጪ የነበረው ነገር ገቢ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። በኢትዮጵያ የምሕንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ መንፈቀ ዓመት በሥራ ቦታ እንዲለማመድ የትምህርቱ ሥርዓት ያዝዛል። በቴክኒክና ሙያ በኩልም የትብብር ሥልጠና የሚባለው ዘዴ ከጀርመን ልምድ ተወስዶ፣ የሥልጠናው ሰፊ ክፍል በድርጅቶች እንዲሰጥና ሠልጣኙም በመጨረሻ በሙያ ብቃት ምዘና እንዲያልፍ ታስቧል። በወረቀት ላይ የተጻፈው መልካም ነው። በሥራ ላይ ሲታይ ግን የዩኒቨርሲቲዎቹና የተማሪዎቹ ቍጥር ልምምድ ሊሰጡ ከሚችሉት ድርጅቶች ቍጥር ይልቅ በጣም ፈጥኖ አደገ። ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከበር ወደ በር ይዞራል፤ የተቀበለውም ድርጅት ብዙ ጊዜ ከደብዳቤው በቀር ሌላ ውል አይፈርምም። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የሙያ መልመጃ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል፤ ይሁን እንጂ በድጋፍ ደብዳቤ የሚመጣው ተማሪ እንደዚያ ያለ ውል ሲፈርም እምብዛም አይታይም።

ከ2023 ጀምሮ በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና መውሰድ ግዴታቸው ሆኗል። በ2024 ደግሞ ከተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ጋር በመተባበር 5 ሚሊዮን ሰዎች በኢንተርኔት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ እንዲማሩ የሚያስችል ዕቅድ ተጀምሯል። ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ፈተናው የቃል ዕውቀትን ይለካል፣ የኢንተርኔቱም ትምህርት በሩቅ ላለው ልጅ በር ይከፍታል። ነገር ግን አንዱም ቢሆን በሥራ ቦታ የሚገኘውን ነገር አይተካም። በሥራ ቦታ የሚገኘው ነገር ምንድር ነው ቢሉ፣ ለነጋዴው አንባቢ በዝርዝር ማስረዳት ይገባናል።

በክፍል ውስጥ ተማሪው አዲስ ፕሮግራም ከመነሻው ይጽፋል፤ መምህሩ አይቶ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙም ከዚያ ወዲያ ይጣላል። በሥራ ቦታ ግን ከመነሻው የሚጻፍ ነገር ጥቂት ነው። የሚበዛው ሥራ ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት የጻፈውን ማንበብ፣ የተበላሸበትን ስፍራ ፈልጎ ማግኘት፣ አንዱን ሲጠግኑ ሌላውን እንዳያፈርሱ መጠንቀቅ ነው። ሥርዓት ባለው ድርጅት ጀማሪው የጻፈው ነገር ወደ ዋናው ፕሮግራም ከመግባቱ በፊት ሌላ ባለሙያ አንብቦት «እዚህ ላይ እንዲህ ቢሆን» እያለ ማስታወሻ ይጽፍበታል። ይህ የእርማት ጽሑፍ ለጀማሪው ከማናቸውም መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ ስለ ራሱ ስሕተት የተጻፈ መጽሐፍ ነውና። ደግሞም ከማያውቅ ደንበኛ ጋር መነጋገር፣ «አልሠራ አለኝ» ከሚለው ቃል ውስጥ እውነተኛውን ጉድለት ማውጣት፣ ሥራው በስንት ቀን እንደሚያልቅ ገምቶ በቀጠሮው መገኘት፣ ሌሊት ሲበላሽ ማን እንደሚጠራ ማወቅ፣ እነዚህ ሁሉ በፈተና ወረቀት ላይ የማይጠየቁ፣ ቀጣሪው ግን «የሥራ ልምድ» እያለ የሚፈልጋቸው ነገሮች ናቸው።

አሁን ደግሞ የነጋዴውን ክርክር በቅንነት እናዳምጥ። ነጋዴው ሦስት ነገር ይፈራል። አንደኛ፣ ተለማማጅ የባለሙያዬን ጊዜ ይበላብኛል ይላል። ሁለተኛ፣ የደንበኞቼን ምስጢር በማያውቁት ልጅ እጅ አልጥልም ይላል። ሦስተኛ፣ እኔ አስተምሬ ሳበቃ ጎረቤቴ ጥቂት ብር ጨምሮ ይወስድብኛል ይላል።

ለመጀመሪያው ፍርሃት መልሱ ሒሳብ ነው። አንድ ባለሙያ በቀን 1 ሰዓት ለተለማማጁ ይስጥ እንበል። ልምምዱ 6 ወር ቢሆን፣ በሳምንት 5 የሥራ ቀን ሲታሰብ፣ 130 ቀን ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ የሚወጣው ጊዜ 130 ሰዓት፣ ማለትም በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 16 ቀን ከ2 ሰዓት ነው። የ16 ቀን ደመወዝና የተለማማጁ የ6 ወር አበል ተደምሮ የወጪው ልክ ይህ ነው። ነጋዴው ይህን ድምር ለሥራው የማይስማማ ሰው ቀጥሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲያሰናብት ከሚደርስበት ኪሣራ ጋር ያመዛዝነው። ተለማማጁን ለ6 ወር ያየ አሠሪ የሚቀጥረውን ሰው ያውቀዋል፤ በአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ የቀጠረ ግን ዕድሉን ሞከረ እንጂ ሰው አልመረጠም።

ለሁለተኛውም ፍርሃት መልስ አለ። ባንክም ሆነ የንግድ ቤት የደንበኞቹን እውነተኛ መዝገብ ለጀማሪ ማሳየት የለበትም። በኮምፒዩተር ሥራ የታወቀው ዘዴ ፈጠራ ስምና ፈጠራ ቍጥር የገባበትን የመለማመጃ ቅጂ ማዘጋጀት ነው፤ ጀማሪው በዚያ ላይ ቢሳሳት የሚጎዳ የለም። ይህ ቅጂ ለተለማማጁ ሲባል ብቻ የሚዘጋጅ አይደለም፤ አዲስ ፕሮግራም በእውነተኛው መዝገብ ላይ ከመዋሉ በፊት ይፈተን ዘንድ ማናቸውም ጠንቃቃ ድርጅት ሊኖረው የሚገባ ነው። ተለማማጅ ለመቀበል ያልተዘጋጀ ድርጅት ብዙ ጊዜ የራሱን ሥራ በሥርዓት ያላደራጀ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው ፍርሃት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ የጉዳዩም እምብርት እርሱ ነው። ነጋዴው የፈራው ነገር እውነት ነው፤ የተማረ ሰው የተሻለ ደመወዝ ወደ ሚገኝበት ይሄዳል፤ እንዳይሄድም በሰንሰለት ማሰር አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጋዴ ለብቻው ሲያስብ ከማሠልጠን ይልቅ የሠለጠነውን መውሰድ ይሻለዋል። ሁሉም እንዲህ ባሰበ ጊዜ ግን የሚያሠለጥን ይጠፋል፤ የሚያሠለጥን ሲጠፋ የሚወሰድ የሠለጠነ ሰው ይጠፋል፤ በመጨረሻም ሁሉም በጥቂቶቹ ባለሙያዎች ላይ ደመወዝ እየተጨራረሰ ይቈያል። ለእያንዳንዱ ብልኀት የሆነው ነገር ለሁሉም ጉዳት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አለመሆኑን አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። በ2014 በሌጎስ የተመሠረተው አንዴላ የሚባለው ኩባንያ ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ብሩህ የሆኑትን ወጣቶች መርጦ፣ ደመወዝ እየከፈለ ፕሮግራም መጻፍ ያስተምራቸው፣ ከዚያም ለውጭ አገር ኩባንያዎች በሩቅ ሆነው እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። ሥራው ወደ ናይሮቢና ወደ ካምፓላም ተስፋፋ። ይሁን እንጂ በመስከረም 2019 በናይጄሪያ፣ በኡጋንዳና በኬንያ የነበሩትን ጀማሪ ባለሙያዎች መቀነሱን አስታወቀ፤ የሚነካቸውም ሰዎች 400 ገደማ ነበሩ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ደንበኞቹ የሚፈልጉት ልምድ ያላቸውን ስለ ሆነ፣ ለጀማሪዎቹ በቂ ሥራ አልተገኘም። ብዙ ገንዘብ ከውጭ ያገኘ ኩባንያ እንኳ የጀማሪውን የመጀመሪያ ዓመት ለብቻው መሸከም ካቃተው፣ አሥር ሠራተኛ ያለው የንግድ ቤት ለብቻው ይሸከም ማለት ፍርድ አይደለም።

በዚህ ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯል። ከኅዳር 2022 ወዲህ ቻትጂፒቲና እርሱን የመሰሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉ መሣሪያዎች ለሕዝብ ከቀረቡ በኋላ፣ ቀድሞ ለጀማሪ የሚሰጠው ጥቃቅን የፕሮግራም ሥራ በማሽን በጥቂት ጊዜ የሚጻፍ ሆኗል። አሠሪውም «ጀማሪ ለምኔ?» ለማለት ይፈተናል። ዳሩ ግን የሸማኔውን ምሳሌ እናስታውስ። ክር መጠቅለል ለክሩ ብቻ አልነበረም፤ ሸማኔ የሚወጣው ከዚያ ነበር። ማሽኑ የጻፈው ትክክል መሆኑን የሚመረምር ዐዋቂ ሁልጊዜ ያስፈልጋል፤ ዐዋቂ ሆኖ የተወለደ ግን የለም። ዛሬ ጀማሪን የማይቀበል ገበያ ከአሥር ዓመት በኋላ ዐዋቂ ከየት ሊያመጣ ነው? ስለዚህ ማሽኑ ልምምድን የማያስፈልግ አላደረገውም፤ ቀድሞ እንደ ዋዛ ከሥራው ጋር ይገኝ የነበረው ልምምድ ግን ከእንግዲህ ታስቦበትና ወጪ ተመድቦለት ካልሆነ በቀር የማይገኝ አድርጎታል።

እንግዲህ መፍትሔው ወጪውን መካፈል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ይስማማል። በብሪታንያ በ1964 የወጣው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ በየኢንዱስትሪው ቦርድ አቋቁሞ፣ አሠሪዎች ሁሉ መዋጮ እንዲያገቡ፣ ያሠለጠኑት ደግሞ ከመዋጮው እርዳታ እንዲያገኙ አደረገ። በኬንያም አሠሪ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ የሥልጠና መዋጮ ይከፍላል፤ የተፈቀደ ሥልጠና የሰጠ አሠሪ ካወጣው ወጪ ሊመለስለት ይችላል። በዚህ ዐይነት የማያሠለጥነው ነጋዴ ለሚያሠለጥነው ይከፍላል፤ ጎረቤቱ ያሠለጠነውን ሰው ቢወስድም በነጻ አልወሰደም።

ይሁን እንጂ መዋጮ ብቻውን ሁሉን አያደርግም፤ ጉድለቱንም መሰወር አይገባም። ብሪታንያ በሚያዝያ 2017 የዓመት ደመወዛቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆኑትን አሠሪዎች ከመቶ ግማሽ የለማጅ መዋጮ እንዲከፍሉ ባዘዘች ጊዜ ብዙ ሰው የለማጆች ቍጥር ይጨምራል ብሎ ጠብቆ ነበር። በእንግሊዝ ግን በዚያ ዓመት 495 ሺህ ያህል የነበሩት ጀማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት ወደ 376 ሺህ ያህል ዝቅ አሉ። ከምክንያቶቹም አንዱ ደንቡ ለአሠሪዎች አስቸጋሪ መሆኑ ነበር፤ ገንዘቡም በብዛት አስቀድሞ ሥራ ለያዙት፣ አንዳንድ ጊዜም ለአለቆች ሥልጠና መዋሉ ብዙ ነቀፋ አስነሣ። ከዚህ የምንማረው፣ ገንዘብ መሰብሰብ ቀላል ሲሆን ለጀማሪው መድረሱን ማረጋገጥ ግን ዋናው ሥራ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚከተለውን በትሕትና እናሳስባለን።

አንደኛ፣ አስተዳዳሪዎች ልምምድ ያለ ጽሑፍ ውል እንዳይደረግ ይቈጣጠሩ። ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ የሥራውን ዐይነት፣ ጊዜውን፣ አበሉን፣ በተለይም ኀላፊ የሆነውን ባለሙያ ስም የሚናገር አንድ ገጽ ይበቃል። የባለሙያው ስም ያልተጻፈበት ውል እረኛ እንደሌለው መንጋ ነው።

ሁለተኛ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ምሳሌ ይሁኑ። ብዙ መዝገብና ብዙ ኮምፒዩተር ያለው መንግሥት ነው፤ ተለማማጅን በማስታወሻ ክፍል አስቀምጦ ወረቀት ከማስቈጠር ይልቅ መዝገቦቹን በኮምፒዩተር በማደራጀት ሥራ በባለሙያ ሥር ቢያሰልፈው ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ሦስተኛ፣ የንግድ ምክር ቤቶች መዋጮውንና ፈተናውን በእጃቸው ለመያዝ ይነሡ። ትንንሾቹ የንግድ ቤቶች አንድ ሙሉ ተለማማጅ መያዝ ቢያቅታቸው፣ ሁለትና ሦስት ሆነው አንዱን ቢጋሩት የሚከለክል የለም፤ ወጣቱም ከአንድ ቤት ይልቅ በሦስት ቤት የበለጠ ያያል።

አራተኛ፣ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን በደብዳቤ ከላኩ በኋላ አይርሱት። መምህሩ በልምምዱ መካከል ሄዶ ይየው፤ የተማሪውን የጽሑፍ ዘገባ ብቻ ሳይሆን የሠራውን ሥራ ይመርምር። ዘገባ ከሌላው ዘገባ ሊቀዳ ይችላል፤ የታረመ ሥራ ግን የባለቤቱ እጅ ይታወቅበታል።

ለወጣቶቹም አንድ ቃል አለን። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና፣ ትንሹን ሥራ አትናቁ፤ ነገር ግን ትምህርት ከሌለበት አገልግሎት ጋር አታምታቱት። ተለማማጁ በየሳምንቱ መጨረሻ «በዚህ ሳምንት ማን ምን አረመኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልስ ያጣበት ሳምንት ከበዛ፣ ቦታው የልምምድ ቦታ አይደለምና ለትምህርት ቤቱ በጊዜው ያስታውቅ።

በርእሱ ላይ ያነሣነው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። የጀማሪው የመጀመሪያ ዓመት ዋጋ ዛሬም ቢሆን ይከፈላል፤ በነጻ ያለፈ ዓመት የለም። ውል ባልተደረገበት፣ ወጪውም ባልተካፈለበት ስፍራ ከፋዮቹ ደብዳቤ ይዞ የሚዞረው ወጣትና ዲግሪ ይዞ ቤት የዋለ ልጁን የሚመግበው ወላጅ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አቅም የሚያንሳቸው ናቸው። ነጋዴውም ቢሆን በሌላ መንገድ ይከፍላል፤ በአገሩ ያጣውን ባለሙያ ከውጭ በውድ ደመወዝ ያስመጣል። ዋጋው የማይቀር ከሆነ ዘንድ፣ መንግሥት፣ ነጋዴና ትምህርት ቤት በግልጽ ተካፍለው፣ በመዝገብ ጽፈው፣ የሚያስገኘውንም ትርፍ አብረው እየጠበቁ ቢከፍሉት ይሻላል።